ምኗ ነው ያስመረረዎት?

በ2017 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ነው። የተማሪዎቼን ውጤት ወደ ሮስተር እያስገባሁ ነበር። ማታ ነው፤ ልጆቹ ተኝተዋል፤ መብራትም አለ። ደብረ ማርቆስ ላይ እነዚህ ሦስቱ ሲገጣጠሙ ሥራውን ትቶ የሚተኛ መምህር የለም። የአንዱን ክፍል ጨርሼ ወደ ሌላው ልሻገር ስል ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር የሞላ መልእክት ብቅ አለ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ በመጪው ጥቅምት ያበቃል፤ ይህ ኮምፒውተር ደግሞ ወደ ዊንዶውስ 11 ለማደግ የሚጠየቀውን አያሟላም ይላል። በኋላ አስታውሰኝ የሚለውን ተጭኜ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ሮስተሩ አለቀ፤ መልእክቱ ግን ከውስጤ አልወጣም። ያን ዕለት ጠዋት ላፕቶፔ ጤነኛ ነበረች። ማታም ጤነኛ ነበረች። ቁልፎቿ ይሠራሉ፣ ስክሪኗ አልደበዘዘም፣ ማጠፊያዋ አልላላም። በመካከሉ የተለወጠ ነገር ቢኖር እኔ አንድ ጽሑፍ ማንበቤ ብቻ ነው። ሆኖም ከዚያ ማታ ጀምሮ በሌላ ዓይን አያት ጀመር። ሳልሰማው የኖርኩት የማራገቢያዋ ድምፅ ጎልቶ ይሰማኝ ጀመር። ስትነሣ የምታስጠብቀኝ ጊዜ ረዘመብኝ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው እውነት ነው፤ እኔን የገረመኝ ወርቁ መዳብ ለመሆን አንድ ሌሊት የማይፈጅበት መሆኑ ነው።

ይባስ ብሎ በዚያው ሰሞን ዕቁብ ወጣልኝ። ገንዘብ እጅ ሲገባ ሰው የሚያየው ጉድለት ይበዛል። ዕቁቡ ባይወጣልኝ ኖሮ መልእክቱን በመጣ ቁጥር እየዘጋሁ በሰላም የምኖር ይመስለኛል። የባለቤቴ ዓይን ገና ከጅምሩ የኩሽናው ጣሪያ ላይ ነበር፤ ክረምቱ እየገባ ነውና። ጓደኞቼ ግን ባንድ ድምፅ አዲስ እንድገዛ መከሩኝ። አንዱማ "ይህችን ለሙዚየም ስጣት" ብሎ የመምህራን ማረፊያውን በሙሉ አሳቀብኝ። አብሬ ሳቅኩ፤ ከዚያ በኋላ ግን ላፕቶፔን ከቦርሳዬ ሳወጣ ዙሪያዬን መቃኘት አመጣሁ።

ለአንዱ አርጅታ ለሌላው አዲስ

ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ450 ናት። እ.ኤ.አ. በ2015 ለገበያ የቀረበች፣ ፕሮሰሰሯ (ስሌቱን የሚሠራው አንጎሏ) አምስተኛ ጄኔሬሽን፣ ማለትም አምስተኛ ትውልድ፣ ኮር አይ ፋይቭ የሆነ። ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛ ሁሉ እንደሚያውቀው የገበያው የመጀመሪያ ጥያቄ "ስንተኛ ጄኔሬሽን ነው?" ነው። ራሙ (የተከፈተውን ሥራ ለጊዜው የሚይዘው ማስታወሻ)፣ ባትሪው፣ ስክሪኑ የሚጠየቁት ከዚያ በኋላ ነው፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይጠየቁም።

እኔ ጋ የመጣችው ያገለገለች ሆና ነው። የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ መገናኛ አካባቢ ገዝቶ በአውቶቡስ አመጣልኝ፤ የዓባይን በረሃ ጭኑ ላይ አስቀምጧት ነው የተሻገረው። ከሥሯ የአንድ የማላውቀው የውጭ አገር መሥሪያ ቤት የንብረት ቁጥር ተለጥፎባታል። ሊልጡት ሞክረው ግማሹ ቀርቷል፤ የተረፉት ጥቂት ቁጥሮችና የባርኮዱ ጫፍ አሁንም ይታያሉ። ትልልቅ ድርጅቶች ኮምፒውተሮቻቸውን በጥቂት ዓመታት አንዴ ጠቅልለው ይቀይራሉ፤ የሠራም ያልሠራም አብሮ ይወጣል። እንግዲህ ላፕቶፔ ለአንድ ሰው ጠረጴዛ አርጅታ ከወጣች በኋላ ነው ለእኔ አዲስ የሆነችው። ያ ሰው ሲያስረክባት ምን አጥታ ነበር? ምንም። የሥራ ዘመኗ በመዝገብ ላይ አለቀ እንጂ አቅሟ አላለቀም። ይህን የንብረት ቁጥር ለዓመታት እያየሁ ትርጉም ሰጥቼው አላውቅም ነበር። ከመልእክቱ በኋላ ግን ደጋግሜ አየሁት፤ ይህች ዕቃ አሮጌ ስትባል የመጀመሪያዋ አይደለም ማለት ነው።

ስለ እሷ ስናገር ሳልጠቅሰው የማላልፈው አንድ ነገር አለ። ባትሪዎቿ ሁለት ናቸው። አንዱ ከውስጥ ነው፤ ሌላው ከኋላ ተነቃይ ነው። የኋላው ሲያልቅ ላፕቶፑን ሳያጠፉ ነቅለው ሌላ መሰካት ይቻላል፤ እስከዚያ የውስጡ ይይዛታል። ይህን የነደፈው መሐንዲስ ጎጃምን አይቶ አያውቅ ይሆናል፤ ነገር ግን የፈተና ወረቀት በማዘጋጀት ላይ እያለ መብራት የሄደበትን መምህር ያሰበ ይመስላል።

ጥገና ቤቱ

ወደ ጥገና ቤቱ የሄድኩት ላስጠግን አልነበረም። ምን ልግዛ ብዬ ልጠይቅ ነበር። ባለቤቱ ተማሪዬ የነበረ ልጅ ነው፤ ፊዚክስ ሳስተምረው ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የሰዓት ሆድ ይፈታታ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የተከፈቱ ስልኮች፣ ክዳናቸው የወለቀ ላፕቶፖች፣ በጠርሙስ ክዳን ውስጥ የተለቀሙ ጥቃቅን ብሎኖች አሉ። የብየዳው ሽታ ከበሩ ይቀበላል።

"ዕቁብ ወጥቶልኛል" አልኩት ከሰላምታው በኋላ። "ምን ዓይነት ላፕቶፕ ብገዛ ይሻላል?"

"እሷስ ምን ሆነች፣ መምህር?"

"ምንም አልሆነች።"

ቀና ብሎ አየኝ። "ምኗ ነው ታዲያ ያስመረረዎት?"

መልስ አልነበረኝም። አንድ ሰሞን ሙሉ ስለ አዲስ ላፕቶፕ ሳስብ፣ ዋጋ ሳጠያይቅ፣ ማታ ማታ በስልኬ ሥዕል ሳገላብጥ ቆይቼ ምኗ እንዳስመረረኝ ስጠየቅ አፌ ተያዘ። የሆነ ነገር ማለት ስለነበረብኝ አርጅታለች አልኩት።

"ያ ዕድሜዋ ነው። ምን ሲሠሩ ነው የምታስቸግርዎት?"

ትዘገያለች አልኩ። ልጁ አልለቀቀኝም። ስትነሣ ነው ወይስ ከተነሣች በኋላ? ስትነሣ። ዎርድ ሲከፈት? አዎ፣ ይቆያል። ከተከፈተ በኋላ ሲጽፉበትስ? አይ፣ ያኔ ደህና ናት። ብዙ ነገር ባንድ ጊዜ ይከፍታሉ? አልፎ አልፎ። ይሞቃል? ያን ያህል አይደለም። እየጠየቀ ላፕቶፔን ከፍቶ ታስክ ማናጀር የሚባለውን፣ የትኛው አካሏ ምን ያህል ሥራ እንደበዛበት የሚያሳየውን ገጽ አወጣ። ቁጥሮቹን በጣቱ አሳየኝ። ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈት ነው ማለት ይቻላል። ራሙ ከግማሽ ትንሽ አልፏል። ዲስኩ ግን መቶ በመቶ ላይ ተሰቅሎ አይወርድም።

"ያው፣ የሚያስጠብቅዎት ይህ ነው" አለኝ።

ለተማሪዎቼ በየዓመቱ "ከመገመታችሁ በፊት ለኩ" የምል የፊዚክስ መምህር ነኝ። ልኬቱ በሦስት ቁልፍ የሚገኝ ነገር ነው። ይህን ሳስብ ፈገግ አልኩ፤ ልጁ ለምን እንደሆነ አልገባውም።

ዲስኩ የሚዘገይበት ምክንያት ቀላል ነው። አሮጌው ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚሽከረከር ሰሌዳ ነው። አንድ ፋይል በተፈለገ ቁጥር የሚያነበው ጫፍ ወደ ቦታው መጓዝ፣ ሰሌዳውም እስኪዞርለት መጠበቅ አለበት። አንዱ ፍለጋ በአማካይ ከ10 ሚሊሰከንድ በላይ ይወስዳል። ለአንድ ፋይል ምንም አይደለም፤ ዊንዶውስ ሲነሣ ግን የሚፈልጋቸው ትንንሽ ፋይሎች እልፍ ናቸው። ኤስኤስዲ የሚባለው ማከማቻ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ያንኑ ፍለጋ ከ1 ሚሊሰከንድ በታች ይጨርሰዋል። ዋጋው ደግሞ ከአዲስ ላፕቶፕ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

አባቴ ደንበጫ አካባቢ ገበሬ ነበር። ማረሻው ሲዶለዱም ወደ ባለ እጅ ይወስደዋል፤ ድግሩ ሲሰነጠቅ ሌላ ይጠርባል፤ ሞፈሩ ግን ክረምት ከበጋ ያገለግላል። ማረሻ ዶለዶመ ብሎ ሞፈሩንም እርፉንም ቀንበሩንም ባንድነት የጣለ ገበሬ አላየሁም። ሞፈሩ በስብሶ ሳለ ማረሻውን ብቻ ይዞ ባለ እጅ ጋ የሚሮጥም አላየሁም። የትኛው እንዳለቀ ያውቁታል፤ በእጃቸው ነዋ የያዙት። እኔ ላፕቶፔን ከማንም ገበሬ በላይ በእጄ ይዤ ውያለሁ፤ የትኛው አካሏ እንደደከመ ግን ሰው ጠይቆኝ እንኳ መናገር አቃተኝ።

ሦስቱ ቅሬታዎች

ያን ቀን ምንም ሳልወስን ነው የወጣሁት። ወደ ቤት ስሄድ ግን ጥያቄው አብሮኝ ሄደ። ምኗ ነው ያስመረረኝ? ለራሴ መልስ መስጠት ጀመርኩ።

አንደኛው ዲስኩ ነው፤ እሱ ተገኝቷል። ሁለተኛው ኀፍረት ነው። ባሕር ዳር ላይ ለሥልጠና ተሰብስበን ሁሉም ስስ፣ ብርማ ላፕቶፑን ሲዘረጋ የእኔዋ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ጥጓ የተላጠ ናት። ማንም ምንም አላለኝም። እንዲያውም አጠገቤ የተቀመጠው መምህር ባትሪው አልቆበት ሶኬት ሲፈልግ እኔ ቀኑን ሙሉ ሠርቻለሁ። ኀፍረት ግን ሒሳብ አያውቅም። የሰው ዓይን በሌለበት ሳይቀር ያሳፍራል። ይህ ቅሬታ ከላፕቶፗ ውስጥ አይደለም፤ ኤስኤስዲ ቢገባባትም አይለቀኝም፤ አዲስ ብገዛም ሌላ የበለጠ ስስ እስኪመጣ ድረስ ብቻ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ከዕቁቡ ገንዘብ ለኀፍረት የሚመደብ የለም ብዬ ቆረጥኩ። መቁረጡ ቀላል ነበር አልልም።

ሦስተኛው ፍርሃት ነው፤ መልእክቱ የጫረው ፍርሃት። ይህኛው መናቅ የሌለበት ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ፍርሃቱ ምን ያህል እውነት ነው?

ዊንዶውስ 10 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ድጋፉ ያበቃው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ድጋፍ አበቃ ማለት ኮምፒውተሩ ቆመ ማለት አይደለም። ከዚያ ቀን በኋላ የሚገኙ የደህንነት ቀዳዳዎችን የሚደፍነው የለም ማለት ነው። ዛሬ ምንም አይሆንም፤ ቀዳዳው ግን በየወሩ ይጨምራል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል ከስምንተኛ ጄኔሬሽን በታች ያሉትን፣ ከጥቂቶች በቀር፣ አይቀበልም፤ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕም ይጠይቃል። የእኔዋ አምስተኛ ናት፤ በሩ ተዘግቶባታል።

ጥገና ቤቱ ያለው ልጅ "በጓሮ በር ላስገባልዎት እችላለሁ" ብሎኛል። ይቻላል፤ ብዙ ሰው እያስደረገው ነው። ነገር ግን የዊንዶውስ ባለቤት ማይክሮሶፍት ራሱ በእንዲህ ያሉ ኮምፒውተሮች ላይ ማሻሻያ ለመድረሱ ዋስትና አልሰጥም ብሏል። ፍርሃቴን ለማስታገስ የሚደረግ ነገር ራሱ ዋስትና የሌለው ከሆነ ምኑን አስታገሰው? ይህን ተውኩት። ለአንድ ዓመት የተራዘመ የደህንነት ማሻሻያ ማግኘትም ይቻላል፤ እስከ ጥቅምት 2019 ዓ.ም. የሚያደርስ። ወይ 30 ዶላር መክፈል፣ ወይ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ የኮምፒውተሩን ቅንብር ወደ ኩባንያው ማከማቻ መላክ ነው። ጊዜ መግዣ ነው፤ ክፉ አይደለም።

ግን የእኔ አደጋ ከየት ነው የሚመጣው? እዚህ ላይ የአገራችንን ኑሮ ማስታወስ ግድ ነው። በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት ያለ ኢንተርኔት ኖረናል። በዚያን ጊዜ ላፕቶፔ አንድም ማሻሻያ ሳታገኝ ፈተና አዘጋጅታለች፣ ውጤት አስልታለች። ከኢንተርኔት የሚመጣ ቫይረስ ሊነካት አይችልም ነበር፤ ሆኖም ቫይረስ ያዛት። በፍላሽ ነው የገባባት። ፈተና ለማባዛት ፎቶ ኮፒ ቤት የሄደ ፍላሽ ተመልሶ ሲሰካ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ብቅ አሉ። ይህን ያላየ የመንግሥት ሠራተኛ ያለ አይመስለኝም። የባንክ ሥራዬን የምሠራው በስልኬ ነው። በላፕቶፔ ኢሜይል አያለሁ፣ አልፎ አልፎ የትምህርት ቪዲዮ አወርዳለሁ። እንግዲህ ፍርሃቱ እውነት ነው፤ መጠኑ ግን ሌላ ሰው በሌላ አገር ከሚፈራው ያነሰ ነው። የሚያስፈልገኝ ኢንተርኔት የምገባበት አንድ ንጹሕ ክፍልና ፍላሽን በጥርጣሬ የሚያይ ልማድ ነው።

ንጹሑ ክፍል ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተርን የሚያስኬድ ሌላ ሥርዓት) ሊሆን እንደሚችል የነገረኝ ያው ልጅ ነው። ሊኑክስ ሚንት 22 በነጻ የሚገኝ ነው፤ ድጋፉም እስከ እ.ኤ.አ. 2029 ይቆያል። የላፕቶፕ ጄኔሬሽን አይቆጥርም። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ግን አንድ እንቅፋት መጣብኝ። የድሮ ጽሑፎቼ!

የመጀመሪያዎቹ የፈተና ስብስቦቼ፣ የሰፈራችን የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ አባቴ ሲያወራ የከተብኳቸው ነገሮች፣ ሁሉም የተጻፉት በቪዥዋል ግዕዝ፣ በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ነው። ወጣት አንባቢ ላያውቀው ይችላል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ እኛ ጋ በየቢሮው እስኪለመድ ግን ዘመን ፈጅቷል። ቪዥዋል ግዕዝ የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ አስቀምጦ ነበር የሚሠራው። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ያው ደንብ ሲከፈት አንቀጽ አንድ የሚለው ቦታ ላይ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝርክርክ ይታያል። ፎንቱን ወደ ሊኑክስ ወስዶ ማንበብ ይቻል ይሆናል፤ እንደ ድሮው አርሞ መጻፍ ግን ሌላ ነገር ነው። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ብዬ ዊንዶውስ 10ን ሙሉ በሙሉ መጣል አልፈለግኩም።

ሱቅ ውስጥ የተሸጠልኝ ተስፋ

ለማንኛውም ብዬ አዲሶቹንም ሄጄ አየኋቸው። የማየውን ዋጋ ለማመን ጊዜ ወሰደብኝ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ከዚያም አልቆመም። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ተከትሎት ወጣ። የመምህር ደመወዝ ግን እግሩ ከባድ ነው።

የእኔ ዕቁብ የሚደርስበት አዲስ ላፕቶፕ ነበር። ፕላስቲኩ ያልተላጠ፣ ስስ፣ ቀላል፣ ሽታው ራሱ ደስ የሚል። ሻጩ በትሕትና ገለጸልኝ። ፕሮሰሰሩ ሴሌሮን፣ ማለትም ዝቅተኛ ደረጃ ያለው ነው። ራሙ 4 ጊጋባይት ነው፤ ቦርዱ ላይ ስለተበየደ አይጨመርም። ማከማቻው 64 ጊጋባይት ኢኤምኤምሲ፣ ከኤስኤስዲ የሚዘገይ ርካሽ ዓይነት ነው። እነዚህን ቁጥሮች ስሰማ የሆነ ነገር ትዝ አለኝ፤ ዊንዶውስ 11 የሚቀበለው ዝቅተኛው መጠን ልክ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ነው። ማለትም ይህ አዲስ ዕቃ ደፉ ላይ ቆሞ ነው የሚገባው። የእኔዋ በአቅም ትበልጠዋለች፤ ራሟን እስከ 16 ጊጋባይት ማሳደግ ይቻላል፤ ማከማቻዋ በቀላሉ ይቀየራል። የተከለከለችው በልደት ቀኗ ነው። ያኛው ደካማ ሆኖ ሳለ ወጣት በመሆኑ ያልፋል።

"ለጽሑፍ ይበቃል" አለኝ ሻጩ። እውነቱን ነው፤ ለጽሑፍ ይበቃል። ለጽሑፍማ የእኔዋም በቅታኛለች።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ በደንብ የፈተነኝ ሌላ ነበር። ያገለገለ ቲንክፓድ ቲ480፤ እ.ኤ.አ. የ2018፣ ስምንተኛ ጄኔሬሽን፣ ዊንዶውስ 11 የሚቀበለው፣ እንደ እኔዋ ሁለት ባትሪና ሁለት የራም ቦታ ያለው። ከዕቁቡ ይበልጣል፤ ትንሽ ብበደር ግን እደርስበት ነበር። እጄ ላይ አገላብጬ፣ ቁልፎቹን ነካክቼ፣ ጥሩ ነው ብዬ መለስኩት። ዛሬም ሰው አማክሩኝ ቢለኝ ከነዚያ ስስ አዲሶች ይልቅ ይህን ነው የምጠቁመው። ያልገዛሁት መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ ለተጠየቅኩት ጥያቄ መልስ ስላልነበረ ነው። ምኗ አስመረረህ ለሚለው የተገኘው አንድ መልስ ዲስኩ ነው፤ ለዲስክ ብሎ ሰው አይበደርም።

ጠመኔው

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወሰድኳት። ልጁ መጀመሪያ የውስጡን ባትሪ ከቅንብሩ አጠፋው፤ የኋላውን ነቀለ። ብሎኖቹን አላልቶ አንድ የፕላስቲክ ካርድ በጠርዙ እያስገባ ክዳኑን ዙሪያውን ቀስ እያለ አስለቀቀው። ሲነሣ ሁለታችንም አንድ ላይ ሳቅን። ማራገቢያው ዙሪያ ያለው አቧራ እንደ ሌላው ሰው ላፕቶፕ ግራጫ አይደለም፤ ነጭ ነው። ጠመኔ ነው። ለዓመታት ሰሌዳ ሥር ካለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ እኔ በጻፍኩና በደመሰስኩ ቁጥር ስትተነፍሰው የኖረችው ጠመኔ በስሱ ተጋግሮ ማቀዝቀዣው ላይ ተኝቷል። በብሩሽ ጠረገው፤ ፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን ቅባት ጠርጎ አዲስ ቀባ። የማራገቢያው ድምፅ ምክንያትም ይኸው ነበር።

አሮጌውን ዲስክ አውጥቶ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ሰካ። ዊንዶውስ 10ን ከነጽሑፎቼ ገለበጠልኝና ከኢንተርኔት ጋር እንዳይገናኝ አደረገው። ጎኑ ላይ ሊኑክስ ሚንት ጫነ። አሁን ስትነሣ የቱን ትፈልጋለህ ትለኛለች፤ ለዕድር ደንብና ለድሮ ፈተና አንዱን፣ ለሌላው ሁሉ ሌላውን። ባዶውን የራም ቦታ አሳየኝና ይሙላ አይሙላ ብሎ ጠየቀኝ። እኔም በተራዬ "ምን ያስመርረናል?" አልኩት። "ለጊዜው ምንም" አለ፤ ክዳኑን ዘጋው።

ዱሮ አስነሥቼያት ቡና ሊጠጣ የሚወጣ ሰው ነበርኩ። አሁን መነጽሬን ከኪሴ አውጥቼ እስካደርግ ትጠብቀኛለች። ሁሉ ነገር ተፈታ ማለቴ አይደለም። ልጄ ብዙ ገጽ ባንድ ጊዜ ስትከፍትባት ራሙ ይሞላና ትንተባተባለች፤ ባዶው ቦታ የሚሞላበት ቀን ሩቅ አይሆንም። የሊኑክሱን የአማርኛ ኪቦርድ መልመድም ሌላ ጣጣ ሆኖብኛል፤ ጣቴ የለመደውን ፊደል ሲያጣ እበሳጫለሁ። የትምህርት ቢሮ የሚልካቸው አንዳንድ ቅጾች በሊኑክሱ የዎርድ ምትክ በሆነው ሊብሬኦፊስ ላይ ሲከፈቱ ሰንጠረዣቸው ይንሸራተታል። እነዚህን እያየሁ ቲ480ው ትዝ የሚለኝ ጊዜ አለ። ከዕቁቡ ለተረፈው ገንዘብ ግን ባለቤቴ አስቀድማ መድባ ቆይታለች፤ ሐምሌ ሳይጋመስ የኩሽናው ቆርቆሮ ተቀየረ።

ባለፈው ሳምንት ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ጎረቤታችን ወደ ቤት መጣች። የላፕቶፔን ወሬ ሰምታለች። "ጋሼ፣ የእኔንም እንደዚያ ላስደርገው ወይስ አዲስ ልግዛ?" አለችኝ። እኔም ልጁ የጠየቀኝን ጠየቅኋት፤ ምኑ ነው ያስመረረሽ? እንደኔ አፏ አልተያዘም። ትንፋሽ ሳትወስድ ዘረዘረችው። ሦስት ቁልፎቹ አይሠሩም፤ ስክሪኑ መሐል ለመሐል ተሰንጥቋል፤ የቻርጀሩ መሰኪያ በእንጨት ተደግፎ ነው የሚቆመው፤ ባትሪው አብጦ የታችኛውን ክዳን ገፍቶታል፤ ደንበኛ ቆሞ እያለ በቀን ስንት ጊዜ ራሱን ያጠፋል።

ያበጠውን ባትሪ ዛሬውኑ እንድታስወጣው፣ ላፕቶፑን ደግሞ ነገ ሳትል እንድትቀይረው ነገርኳት። ስምንተኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በላይ፣ ራሙ የሚጨመር፣ ባትሪው የሚቀየር ፈልጊ አልኳት፤ የልጁንም ስልክ ጽፌ ሰጠኋት።